የሰኞ ገበያ ዕድር ስለማይሰረዝ መዝገብ የመከረበት ዕለት

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ በተጣጠፈው ድንኳን ላይ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡30

የተገኙ፦ ወ/ሮ ሰብሪያ (ሰብሳቢ)፣ ሐጂ አብዱልሐሚድ (የጨርቅ ነጋዴ)፣ አቶ ደጉ (የእህል ነጋዴ)፣ አቶ ሰፍዋን (የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ)፣ ቀለሙ (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ አቶ አግማስ። ዕቃ ሊያራግፉ ኮምቦልቻ ስለሄዱ፣ የሚወሰነው ምንም ይሁን ምን እንደሚስማሙ በስልክ አሳውቀዋል። በመሆኑም ምልዓተ ጉባኤው ከመሟላት አልፎ ተርፏል።

አጀንዳ 1፦ የመጣውን ደብዳቤ በተመለከተ

ማኅተሙ ካልተነበበ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ተነበበ። ደብዳቤው ማንኛውም ማኅበር ዲጂታል ገንዘብና ብሎክቼን የሚጠቀም ከሆነ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሰብሳቢዋ ዕድሩ ያለው ሦስት ድንኳን፣ አርባ ወንበርና ድስት መሆኑን አስረዱ። አቶ ደጉ ግን «የለንም» ብሎ መጻፍ ዕድሩን ኋላ ቀር ያስመስላል ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ሰፍዋን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒዩተር «እንደሚቆፈር» ሲገልጹ፣ አቶ ደጉ ለቁፋሮው የመሬት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ገንዘቡ የት እንደሚያድር ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ዕድሩ ለጊዜው ዲጂታል ገንዘብ እንደሌለው፣ ነገር ግን ሐሳቡ እንዳለው እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የዕድሩን መዝገብ ወደ ብሎክቼን ስለማዛወር

አቶ ሰፍዋን ብሎክቼን ማለት አንድ መዝገብ በሁሉም አባል እጅ መኖሩ ነው ሲሉ አስረዱ። አንዴ የተጻፈ ነገር በማንም፣ በምንም አይሰረዝም። ቤቱ በጭብጨባ ተቀበለው። ተወሰነ።

ጭብጨባው ሳያበቃ ሰብሳቢዋ «ጨርሶ አይሰረዝም?» ሲሉ ጠየቁ። «ጨርሶ» ተባሉ። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዋ በ2014 ዓ.ም. «ትልቁን ድስት ሰበሩ» ተብሎ በስማቸው የተጻፈው ከመዛወሩ በፊት እንዲሰረዝ ጠየቁ። ድስቱ ቀድሞም የተሰነጠቀ እንደነበር በአላህ ስም ማሉ። ተሰረዘ።

ቀጥሎ አቶ ደጉ እጃቸውን አወጡ። በ2011 ዓ.ም. በሐጂ አብዱልሐሚድ እናት ቀብር ላይ «ያለ ምክንያት ቀረ» ተብሎ የተጻፈባቸው እንዲሰረዝ ለሰብሳቢዋ አመለከቱ። ለማስታወስ ያህል፣ ሁለቱ አባላት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነጋገሩት በሰብሳቢዋ በኩል ብቻ ነው። ሐጂም በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ «ምክንያት ካለው ይናገር በሉልኝ» አሉ። ሰብሳቢዋ አስተላለፉ።

አቶ ደጉ ድንኳኑን እያዩ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ «ከኩታበር ለትምህርት ስመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታቸው ተቀብለው ያበሉኝም፣ ያለበሱኝም እናቱ ናቸው። የዚያን ቀን እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ መጥቻለሁ። ጀናዛውን ሳይ እግሬ እምቢ አለኝ፤ አፈር ሲለብሱ ማየት አልቻልኩም። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አልቅሼ ተመለስኩ። ይሄ ምክንያት ይባል አይባል ስላላወቅሁ ዝም አልኩ።»

ከአጥሩ ሥር ማልቀስ እንደ መገኘት ይመዝገብ እንደሆነ ጸሐፊው ጠየቀ።

ከዚያም ሐጂ አብዱልሐሚድ፣ «ወላሂ ደጉ፣ እኔ እኮ ናቅኸን ብዬ ነው! ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘህ እንዴት ታድራለህ?» አሉ። ሰብሳቢዋን ሳያስፈቅዱ በቀጥታ በመናገራቸው የስብሰባ ደንብ ተጥሷል። አቶ ደጉም «አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም፣ አብዱ?» በማለት ደንቡን በድጋሚ ጥሰዋል። ሰብሳቢዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ስለነበር ሥርዓት አላስያዙም።

ሐጂ መዝገቡን ከጸሐፊው እጅ ወስደው መስመሩን ራሳቸው ሰረዙት። እስክርቢቶውን በጣም ስለተጫኑት ከሥሩ ያሉት ሁለት ገጾች ተቀደዋል።

አቶ ሰፍዋን፣ ማጽዳቱ ካለቀ የማይሰረዘው መዝገብ ነገውኑ ሊጀመር እንደሚችል አስታወሱ። ሰብሳቢዋም፣ «ተው ልጄ፣ እኛ ገና እንጣላለን» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ደገፋቸው።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መዝገቡ ባለበት ይቆያል። ለደብዳቤው «የለንም፤ ሐሳቡም የለንም» ተብሎ መልስ ይጻፋል። አቶ አግማስ በስልክ ተጠይቀው በዚህም ተስማምተዋል።

ጸሐፊው፣ ሁሉ ከተሻረ በአቶ ደጉ ላይ የተጻፈው መስመር መሰረዙም ይሻር እንደሆነ ማብራሪያ ጠየቀ። ሐጂ አብዱልሐሚድ፣ «እሱ አጀንዳ አልነበረም፤ ያልተያዘ አጀንዳ አይሻርም» ሲሉ መለሱ። አቶ ደጉ ደገፉ።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡40 ተበተነ። ሐጂ አብዱልሐሚድና አቶ ደጉ እናታቸው መቃብር ደርሰው እንደሚመለሱ ተናግረው አብረው ስለወጡ፣ ፊርማቸው ከዚህ በታች የለም።