ነጩን በስልክ እነግራታለሁ

ዘንድሮ ቆጥቡ የማይባል ነገር የለም። መብራት ቆጥቡ፣ ውሃ ቆጥቡ፣ ዳታ ቆጥቡ። መብራቱና ውሃው ሲመጡ ነው የሚቆጠቡት፤ እነሱን ተዉአቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ቆጥቢ የሚለኝ ሰው ሁሉ የሚቆጥበው ከእኔ ድርሻ ነው። አንድ ስካን የሚያደርግ ሱቅ ከእኔ ምን ቢቆጥብ ጥሩ ነው? ቀለም! ያውም የልጄን ሠርግ ቀለም።

ልጄን ልድር ነው። የሙሽራዋ ዘመድ ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ እንልበስ ተባለና ወይን ጠጅ ተመረጠ። ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ የምትኖረው መተሐራ ነው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ሸንኮራ ሲያጓጉዝ ኖሮ አምና ሞተባት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በልጄ ሠርግ እሷ ከጎኔ ካልቆመች ልጄን የዳርኩ አይመስለኝም። እሷ ግን ከሏን ካወለቀች ገና ብዙ ስላልቆየች ከሰው መቀላቀል ከብዷታል። ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ከለበስኩ እመጣለሁ፣ ተነጥዬ ግን አልታይም፣ ሸማኔዬ እንዲያየው የጥለቱን ቀለም ላኪልኝ አለችኝ።

በስልኬ ባነሳው አንዴ ሮዝ፣ አንዴ ብርቱካን እየሆነ አስቸገረኝ። ስካነር አይዋሽም ብለው መከሩኝ። (ክሩን ቆርጠሽ በአውቶቡስ አትልኪም ነበር ወይ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አሁን ነው የምትነግሩኝ?)

ነጠላዬን አጥፌ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ቶሌራ «አከም ጅርቱ ማዘር» ብሎ በአክብሮት ተቀበለኝ። ነጠላውን የስካነሩ መስተዋት ላይ ዘረጋ፣ ክዳኑን ጫን አደረገ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «አለቀ» አለኝ። ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ለእትዬ ስልክ ላከልኝ። እኔም መነጽሬን ስላልያዝኩ ሳላይ መርቄው ወጣሁ። ፍጥነት እንዲህ ነው እንጂ እያልኩ!

ቤቴ ሳልደርስ እትዬ ደወለች። ሰላምታ የለም። ልጅሽን ልትድሪ ነው ወይስ ልትቀብሪ አለችኝ። የባሌ ሐዘን አልበቃት ብለሽ ነው ጥቁር ጥለት የላክሽልኝ? ባል የሌላት ከሏን ትልበስ ማለትሽ ነው? አፌን ሳልከፍት ዘጋችው። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ ወይ ፍንክች። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ ብላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ያሳደገችኝ ሴት በሐዘኗ የተሳለቅኩባት መስሏታል።

እንባዬን ጠርጌ፣ መነጽሬን ይዤ ተመለስኩ። ሱቁ ወረፋ ሞልቶታል። ቶሌራ ምንም አላፈረም። በከለር ካነሳሁት ስካነሩ እየተንፏቀቀ ይውላል፣ ፋይሉም ይከብዳል፣ የእህትዎን ዳታ እምሽክ አድርጎ ይበላል፣ ስለዚህ ቀለሙን አጥፍቼ አነሳሁት አለኝ። ደግሞስ ነጠላው ነጭ አይደል ወይ? ቀለም ያለው ዳሩ ላይ ብቻ ነው፤ ለዳር ብዬ መሀሉን ሁሉ ስካነሩን አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በሰማያዊ ላስነብበው? ለነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ድካም!

እኔ ደግሞ፣ ልጄ፣ ነጠላ በምኑ ነው የሚታወቀው አልኩት። በመሀሉማ የሁላችንም አንድ ነው፤ ሠርግና ልቅሶ የሚለየው በዳሩ ነው። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል ሲባል አልሰማህም? ቀለሜን ሳላይ ከዚህ አልነሳም ብዬ ወንበሯ ላይ ተደላደልኩ። ወረፋው አጉረመረመ። አንዱ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰውዬ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው እያለ ከአናቴ በላይ ይተነፍሳል። ያምልጠው! እኔን እህቴ ልታመልጠኝ ነው።

ቶሌራ ሲጨንቀው ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ አዘንኩለትና መላ ዘየድኩ። መሀሉ ነው አይደል ጊዜውንም ዳታውንም የሚበላው? እንግዲያው መሀሉን ተወው፣ ጥለቱን ብቻ በሙሉ ቀለሙ አንሳው፣ ነጩን በስልክ እነግራታለሁ አልኩት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ቶሌራ ግን ነጠላውን አጣጥፎ ጥለቷን ብቻ አስነበበ፤ ምስሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። በመነጽሬ አየሁት፤ ራሱ ነው! ፋይሉም ቀላል ሆነ። እንግዲህ ቁጠባን ለእናንተ ማስተማር ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩና አንገቴን አቅንቼ ወጣሁ።

እትዬ ግን አሁንም ስልኬን አላነሳችም። ነጩን ለማን ልንገረው? በማግስቱ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ላከች። ትመጣለች? አትመጣም? እስከ ሠርጉ ዕለት እህል አልዋጥልሽ አለኝ።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ በር ላይ እንግዳ ስቀበል ባጃጅ ቆመ። እትዬ ወረደች። እልልታዬን ጀምሬ አቋረጥኩት።

የእኔ ጥለት ሁለት ጣት ቢሰፋ ነው። የእትዬ ግን ከትከሻዋ ተነስቶ ወገቧ ድረስ ወይን ጠጅ! ነጭ የሚባለው ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ብልጭ ይላል። ምን ጉድ ነው ብላት፣ የላክሽውን ነው ያሠራሁት አለችኝ። ምስሉ ላይ ነጭ አልነበረም፤ ሸማኔው እንኳ ሠርጉ የትልቅ ሰው መሆን አለበት ብሎ ተገርሟል። ክር ጨርሶ ተበድሮ ነው የሠራው።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አንድ ዓመት ከል ውስጥ ከርማ እንዲያ ደምቃ ሳያት ደስታው ደረቴን ሞላው። አዳራሹ ውስጥ ገብተን ከሙሽሮቹ ጎን ቆምን። እንግዳው ሁሉ እጅ የሚነሳው ለእሷ ነው። እሷም እቴ፣ አልደነገጠችም፤ ቀና ብላ ትቀበላለች።

ይኼኔ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። «እናት፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ የሙሽራዋን እናት ከለሏቸው» አለ።

ፈቀቅ አላልኩም። ተጠጋሁና የእትዬን ነጠላ ጫፍ ስቤ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። ጥለቱ እንደሆነ ለሁለት ይበቃል።