የሁለተኛው ፎቅ አምፖል

[ቻቻክ ከተማ፣ የሕንጻችን መግቢያ፤ በኅዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት። የሕንጻው ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛው ቆጣሪ አንባቢ ፕርቮስላቭ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ እንደ ሁልጊዜው መዳፉን የጋራ ቆጣሪው ላይ ያሳርፋል፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚነካ ይመስላል። የሦስተኛ ፎቁ አናጺ ሚሎይኮ ጉልበቱን እያሻሸ ይመጣል።]

ሚሎይኮ፦ አንዲት አምፖል እኮ ናት፣ ሊቀ መንበር!

ፕርቮስላቭ፦ ባለ ስልሳ ሻማ! ሌሊቱን ሙሉ ለደረጃ ስታበራ ታድራለች። ደረጃ ያነባል እንዴ?

ሚሎይኮ፦ ደረጃው ባያነብም እኔ እወድቃለሁ። ትናንት ከሁለተኛ ፎቅ አንደኛ ፎቅ የደረስኩት በመቀመጫዬ ነው።

ፕርቮስላቭ፦ ደረስክ አይደል? ያለ መብራት! ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

ሚሎይኮ፦ አሁን የት ናት?

ፕርቮስላቭ፦ መሳቢያዬ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልላ አርፋለች። ይልቅ ጆሮህን ስጠኝ። የደረጃውን አምፖል ሁሉ ነቅዬ እንኳ ቆጣሪው እንደ ሠርግ ቤት ይጨፍር ነበር። ሌባ አለ ማለት ነው። ረቡዕ ለት ያዝኩት!

ሚሎይኮ፦ ሌባውን?

ፕርቮስላቭ፦ ገመዱን! ምድር ቤት፣ የጋራው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ነጭ ገመድ፣ ቀይ ፕላስተር የተጠቀለለበት። መንጭቄ ነቀልኩት፤ ቆጣሪው ቀጥ!

ሚሎይኮ፦ ወደ ማን ክፍል ይገባል?

ፕርቮስላቭ፦ ከብስክሌቶቹ ጀርባ ገባ። ከዚያ ወዲያ አይታይም፣ ጨለማ ነው።

ሚሎይኮ፦ ለምን ጨለመ?

ፕርቮስላቭ፦ የምድር ቤቱንም አምፖል ነቅዬዋለሁዋ! አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ቀስ ብለህ ነው እንዴ የምትነቃው?

ሚሎይኮ፦ [በጣቱ እየቆጠረ] ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ... ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ፕርቮስላቭ፦ እሰይ! በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ወራቱን አስጠናሃለሁ።

ሚሎይኮ፦ ነገ ሚካኤል ነው። የቤታችሁ በዓል።

ፕርቮስላቭ፦ ሠላሳ እንግዳ! የሚስቴ ወንድም ከተራራው ሁለት ጠቦት አምጥቶልኛል። [ከንፈሩን ይልሳል] ምድር ቤት ፍሪዘሬ ውስጥ ተኝተዋል።

ሚሎይኮ፦ ሌባው ቢታወቅስ ምን ያደርጉታል?

ፕርቮስላቭ፦ [ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ይዘረጋል] «የሕንጻው ሌባ» ብዬ ጽፌአለሁ። የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው። እዚህ በር ላይ እለጥፈዋለሁ!

ሚሎይኮ፦ ጽሕፈትዎ ያምራል። ቀዩ ፕላስተር ግን የኔ ነው።

ፕርቮስላቭ፦ አንተ ነህ! [እስክሪብቶውን ይመዛል] ስምህ በሚ ነው የሚጀምረው?

ሚሎይኮ፦ ያዋስኩት ሰው አለ። አምና በብርዱ የክፍሉ ሶኬት ተቃጠለና «ለአንድ ቀን ብቻ ከጋራው ልሰካ» አለኝ። ገመዱን ከብስክሌቶቹ ጀርባ አብረን ሳብነው። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እርስዎ ሌላውን...

ፕርቮስላቭ፦ እኔ ሌላውን... [ወረቀቱ ከእጁ ይወድቃል] ጠቦቶቼ!

[ወደ ምድር ቤት ይሮጣል። ብስክሌቶች ሲወድቁ ይሰማል፤ አንዱ ቃጭሉን ያቃጭላል። እያነከሰ ይመለሳል።]

ፕርቮስላቭ፦ ባዶ ነው! ተሰረቅሁ! ሠላሳ ሰው ምን ላብላ፣ ቁጠባ? ሚስቴ ስታሜና ትገድለኛለች!

ሚሎይኮ፦ ባለቤትዎ ከሐሙስ ጀምሮ ሳቋን አላቆመችም። ከምድር ቤት ጎመን ላወጣ ስወርድ፣ እዚያ ካለው ክፍልዎ በር ሥር ውሃ ይፈስሳል። ልነግርዎ ብመጣ «ዝም በል፣ የሌባውን ወረቀት እየጻፍኩ ነው» አሉኝ። ቁልፉን እሷ ሰጠችኝ። ጠቦቶቹ እኔ ቤት፣ በኔ ቆጣሪ እየበረዱ ነው።

ፕርቮስላቭ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ስትጠይቀኝ እያወቅህ ነው?

ሚሎይኮ፦ ቀስ ብሎ የሚነቃ ሰው አለ ብዬ፣ ቀስ አልኩ።

ፕርቮስላቭ፦ ጎረቤቴ! ወንድሜ! ጠቦቶቼን አምጣ!

ሚሎይኮ፦ አምፖሌን ያምጡ።

[ፕርቮስላቭ ወደ ቤቱ ወጥቶ አምፖሏን ይዞ ይመለሳል። ሚሎይኮ ወንበር ላይ ቆሞ ይገጥማታል፤ ሁለተኛ ፎቅ ቦግ ይላል። ጠቦቶቹም በነጋታው ለሠላሳ ሰው በቁ፤ ጎረቤታቸው ነኝና እኔም አንድ ጎድን ደርሶኛል። ፕርቮስላቭ ሁሉንም ጻፊው ብሎኛል፣ ወረቀቱንም ጭምር። አንዲት ነገር ብቻ ተዪልኝ ብሎ ለመነኝ፦ ከቤቱ ሲወርድ አምፖሏን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ፣ እፍ እያለ ነበር። ገና ትኩስ ነበረች።]