ከሌባ የተጠበቀችው ሞተር ሳይክል

በመርካቶ ሰው ከችግሩ ጋር ብቻውን አይተውም። ጎማው ቢፈነዳ፣ ጥርሱን ቢያመው፣ ሚስቱ ብታኮርፈው፣ አላፊ አግዳሚው ሥራውን ጥሎ መፍትሔ ያዘንብለታል። እኛም ይህ ታላቅ ባህል ለትውልድ እንዲተላለፍ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴው ሰሚር በሠርጉ ቀን የተደረገለትን ሁለንተናዊ ድጋፍ በአክብሮት እንዘግባለን።

ሰሚር ከአባቱ ከሟቹ ባህረዲን የወረሳት አሮጌ ሞተር ሳይክል አለችው። ሟቹ ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ ስማቸውን በምስማር ሞተሩ ላይ ጭረው ጽፈዋል። ልጁም ጥንቃቄያቸውን ወርሷል። በሠርጉ ዋዜማ፣ ሌባ እንዳያስነሳት ብሎ፣ በቀኝ እጀታዋ ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ ጫን አድርጎ ተኛ። ያቺ ማጥፊያ ከተጫነች ሞተሩ በምንም ተአምር አይነሳም። ዘዴው እንከን አልነበረበትም፤ ሰሚር በማግስቱ ማጥፊያዋን ጭራሽ ረሳት እንጂ።

የጋብቻ ውሉ፣ ኒካው፣ የሚታሰረው አብነት ሰፈር፣ በሙሽራይቱ በሀፍሷ አባት ቤት ነው። ኒካውን የሚያስሩት ሼህ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በፊት ወደ ሌላ ሠርግ ስለሚሄዱ መዘግየት አይቻልም። ሰሚር ሱፉን ለብሶ ሞተር ሳይክሏ ላይ ወጣና ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ዝም አለች።

ወዲያው ሕዝቡ ከበበውና «የሞተር አስነሺ ጊዜያዊ ግብረ ኃይል» ተቋቋመ። በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ የሆኑት የምን አለሽ ተራው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጋሼ ይድነቃቸው ናቸው። ብቃታቸው አያጠያይቅም፤ አንድ ጊዜ እስከ ወልቂጤ በሞተር ተፈናጠው ሄደዋል።

«ክቡራን!» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ችግሩን በጥናት ላይ ተመሥርተን፣ ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ፣ ከሥር መሠረቱ...»

«ጋሼ፣ ሼሁ ይሄዳሉ እኮ!» አለ ሰሚር።

«ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ!» ደገሙት ጋሼ።

የመጀመሪያው ባለድርሻ ባትሪ ሻጩ ፉርቃን ነበር። «ባትሪዋ ሞቷል» አለ።

«ሳትነካት በምን አወቅህ?» አለ ሰሚር።

«ከፊቷ ያስታውቃላ!»

ባትሪው ተቀየረ። አልተነሳችም። እትዬ ካሚላ ካንዴላ ስለሚሸጡ «ካንዴላው ነው» አሉ፤ እሱም ተቀየረ። ካርቡራተር ሻጩም ካርቡራተሩን ጠረጠረ። ከራሱ ሱቅ የሌለ ዕቃ ተበላሽቷል ያለ አንድም ባለሙያ አልተገኘም። ይህም የመርካቶ ምርመራ አቅርቦትን ያገናዘበ መሆኑን ያሳያል። ከሞተር ሳይክሏ የወጣውን ዕቃ ሁሉ ጋሼ ይድነቃቸው «ለተጨማሪ ጥናት» እያሉ ጆንያቸው ውስጥ ይከቱ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሀፍሷ ናት።

«የት ነህ አንተ?»

«ሞተሯ እምቢ አለችኝ።»

«ታዲያ በእግርህ አትመጣም? እዚሁ እኮ ነው!»

ጋሼ ስልኩን ከእጁ ተቀበሉት። «ልጄ፣ ጉዳዩ አሁን ከሞተር በላይ ሆኗል። ሙሽራው በእግሩ ሄደ ቢባል የመርካቶ ቴክኒካዊ አቅም ምን ይባላል? ትንሽ ታገሺ» ብለው ዘጉት። ሰሚር ልቡ አብነት ነበር። ግን ያን ሁሉ ባለሙያ ጥሎ መሄድ አሳፈረው።

በመጨረሻ እትዬ ካሚላ የማያዳግም እርምጃ አቀረቡ፤ «ሞተሩ ራሱ ይነቀል!» ከመጋዘናቸውም ሌላ ሞተር አስመጡ። የባህረዲን ሞተር ተፈትቶ፣ ከነጆንያው በጋሪ ወደ ምን አለሽ ተራ ተጋዘ፤ ጋሼም ጥናቱን ሊመሩ ተከትለውት ሄዱ። አዲሱ ሞተር ከብዙ ልፋት በኋላ ተገጠመ። ሰሚር ረገጠ። ዝም። ሱፉ ግራሶ በግራሶ ሆኖ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ቀይዋ ማጥፊያ ግን በተመደበችበት ቦታ ሥራዋን በታማኝነት ቀጥላለች።

ይህን ጊዜ ጋሼ ይድነቃቸው ቀለሟ የተላጠ ሞተር ሳይክል እየነዱ ከተፍ አሉ።

«አጽሟ ሱቄ ቆሞ ነበር። ዕቃ ዕቃውን ገጣጠምኩባትና በአንድ ርግጫ ተነሳች! ና ውጣ፣ ላድርስህ።»

«ጋሼ፣ ሞተር ማለት እንዲህ ነው! ምናለ የኔዋም እንደሷ በሆነች!» አለ ሰሚር እየተፈናጠጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አብነት ሲደርሱ የአስር ሰላት አዛን ሊባል ጥቂት ቀርቶታል፤ ሼሁ ግን አልሄዱም። ሀፍሷ ደጅ ወጥታ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ቀይዋን ማጥፊያ መልሰሃታል?» አለችው።

ሰሚር ግንባሩን መታ። «እ... ማታ... ሌባ እንዳያስነሳት ብዬ...»

ሀፍሷ ጎንበስ ብላ ሞተሩን አየች። «ባህረዲን» ይላል።

«ይኸው ሌባው ራሱ አፈናጦ አመጣህ።»

«ለጥናት ነው የወሰድኩት» አሉ ጋሼ።

ሀፍሷ ወደ ቤት ዞረች። «ሼሁ ይሂዱ፣ አይጠብቁ። ለእኔ ብሎ ይቺን መንገድ በእግሩ ያልመጣ ሰው ዛሬ አላገባም» ብላ በሩን ዘጋችው።

ጋሼ ይድነቃቸው የተደገሰው እንዳይባክን ብለው ለምሳ ቀሩ። ሰሚር የሚያፈናጥጠው ሰው ስላጣ በእግሩ ተመለሰ። ላብ እንኳ ሳይወጣው መርካቶ ደረሰ።