በእትዬ ካውያ ማጫወቻ ላይ ስለተገኙ አሥራ አንድ ጭረቶች

የስፌት ቤቱ ሠራተኞች አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ቦታ፦ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የፊት ለፊቱ በር ተቀርቅሮ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡15፣ ምሳ ሳይበላ

የተገኙ፦
1. ጋሼ ቆራጩ፣ ሰብሳቢ። በዕድሜም በመቀስም ይበልጡናል።
2. እትዬ ቁልፍ፣ አባል። ቁልፍ ይተክላሉ፣ ቀዳዳውንም ያወጣሉ።
3. ጥድፊያ፣ አባል። መኪና ላይ ይሰፋል። ስሙን ያወጣለት ፔዳል የሚረግጠው እግሩ ነው።
4. ዚፕ ሰፊው፣ ጸሐፊ። እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተመረጥኩ።

ያልተገኙ፦ እትዬ ካውያ፣ የቤቱ ተኳሽ። ጉልበታቸውን ታክመው ሦስት ሳምንት ዐርፈው ነገ ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ስብሰባው የሚካሄደው እሳቸው እንዳይሰሙ ስለሆነ ጥሪ አልተላከላቸውም።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

መነሻ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ እትዬ ካውያ ወደ ሕክምና ሲሄዱ ታናሽ ወንድማቸው የሰጣቸውን የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ «ቤቱ ጭር እንዳይልባችሁ» ብለው ትተውልን ነበር። አሁን ስክሪኑ ተጫጭሯል። በሜትር ተለክቶ አሥራ አንድ ጭረት ተገኝቷል፤ አንዱ ከዳር እስከ ዳር ነው። የዘፈኑ ስም አይነበብም። እትዬ ካውያ ለሃያ ዓመት የሰው ልብስ ሳያቃጥሉ የኖሩ ሴት መሆናቸውን ሰብሳቢው አስታውሰው፣ «ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አጀንዳ 1፦ ማን ጫረው?

ጥድፊያ መስታወትም እንደ ሰው ፊት በዕድሜ ሊሸበሸብ እንደሚችል ገለጸ። እትዬ ቁልፍ ይህ እውነት ከሆነ ጥድፊያ የሰፋው ሱሪ ሁሉ በተሰፋበት ቀን ያረጀ መሆኑን አመለከቱ። ጥድፊያ ንግግሩ እንዲሰረዝለት ጠየቀ። እትዬ ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ በመምታት ሥርዓት አስከበሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንም እንዳልጫረው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊውም እጁን አውጥቷል፤ ቀስ ብሎ።

አጀንዳ 2፦ ጭረቱን ስለማጥፋት

የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሰብሳቢው፣ ማጫወቻው በወፍራም ጨርቅ ልባስ እንዲሰፋበትና ልባሱ መክፈቻ እንዳይኖረው። እትዬ ቁልፍ «ታዲያ በምን ይከፈታል?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ዋናው ቁም ነገር አለመከፈቱ ነው አሉ።

ጥድፊያ፣ የሚያስታውቀው ጭረቱ ዝብርቅርቅ ስለሆነ ነው፤ በማስመሪያ ተጨማሪ ሠላሳ ጭረት ቢጨመርበት ዲዛይን ይመስላል። ይህን ሲል መርፌ ይዞ ስለነበር መርፌው ተወስዶበታል።

እትዬ ቁልፍ፣ የእህታቸው ልጅ የሰዓቱን መስታወት በጥርስ ሳሙና አሽቶ እንዳጠራው ተናገሩ። ጥድፊያ፣ ልጁ አሁን ሰዓት ያስራል ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ቁልፍ «አያስርም፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው» ብለው መልሰዋል። ምክንያቱ ቢጠየቁም አልተናገሩም።

በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ የጥርስ ሳሙናው ጸደቀ። ተቃዋሚው ጥድፊያ ሲሆን፣ የጥርስ ሳሙናው የራሱ ነበር።

ሰብሳቢው በገበር ቁራጭ ለአሥር ደቂቃ አሹ። ከዚያም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው እንዲደርቅ አዘዙ። ሲደርቅ አሥራ አንዱም ጭረት ነጭ ሆኖ ጎልቶ ታየ።

አጀንዳ 3፦ ያልታሰበ

ከቀኑ 6፡50 ላይ ሰብሳቢው የደረቀውን ሳሙና በጥፍራቸው ሲያነሱ የስክሪኑ አንድ ጥግ ብድግ አለ። ቃል በቃል ይያዝ ስለተባለ፦ «ኧረ ጉዴ! ቆዳው ተላጠ!» ብለዋል። እትዬ ቁልፍ መኪናው ላይ ተደገፉ። ጥድፊያ ውሃ አመጣላቸውና ራሱ ጠጣው።

የተላጠው ጥግ በገበር ማጣበቂያ ተመልሶ እንዲለጠፍ፣ ከዛሬ ጀምሮም ማንም ሰው ማጫወቻውን በጣቱ እንዳይነካ በአስቸኳይ ተወሰነ። ጸሐፊው ማጣበቂያውን ሊያመጣ ተላከ። ስለዚህ የሚቀጥሉት ሁለት ደቂቃዎች በጆሮ የተያዙ ናቸው።

አጀንዳ 4፦ እንግዳ

የኋላው በር እንዲቀረቀር አጀንዳ ስላልተያዘለት፣ እትዬ ካውያ በዚያው ገቡ። ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው ካውያቸውን ሊያዩ ብቻ መምጣታቸውን ገልጸዋል። ጸሐፊው ማጣበቂያውን ይዞ ሲመለስ፣ ማጫወቻው በእጃቸው ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አሉ።

በአጀንዳ 1 ላይ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ውሳኔ እያለ፣ አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ሰብሳቢው በመቀሱ ጫፍ አራት ጭረት መጫራቸውን አመኑ። እትዬ ቁልፍ ማጫወቻውን ከቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጡት እሳቸው መሆናቸውንና ሁለቱ ጭረቶች የእሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። ጥድፊያ አምስት አለ፤ ዘፈን ሊያሳልፍ ሲቸኩል በመርፌ ሳጥኑ ላይ ጥሎት ነበር። ጸሐፊው ሦስት፣ በዚፕ ጥርስ። ይህ ለጸሐፊው ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶታል።

እትዬ ካውያ መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ። ከዚያም «ጭረቱ አሥራ አንድ፣ የእናንተ ኑዛዜ አሥራ አራት። ሦስቱን ማነው ከቤቱ ያመጣው?» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላም ከድርሻው የሚቀንስ አባል አልተገኘም። ሰብሳቢው እንዲያውም ወደ አምስት ከፍ ለማድረግ ፈልገው ነበር።

በዚህ ጊዜ እትዬ ካውያ ብድግ ያለችውን ጥግ በሁለት ጣት ይዘው ሳቡ። እትዬ ቁልፍ «እትዬ፣ ተዪ! እባክሽ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዳር እስከ ዳር ተላጠ። የወጣው ስስ ላስቲክ ነበር፤ ዕቃው ሲገዛ አብሮት የሚመጣው፣ ተነሥቶ የማያውቅ። ከሥሩ ያለው መስታወት የሕፃን ዓይን ይመስል ነበር።

ጥድፊያ ላስቲኩ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተነሣ ጠየቀ። እትዬ ካውያ «ሳስቼለት ነዋ» አሉ፤ ቀጥለውም «እዚያ ተኝቼ ግን ሳስበው፣ ለማን ብዬ ነው የምሳሳው? ጉልበትም ያልቃል። እናንተ ስትሰሙት ማየት ነበር የናፈቀኝ» አሉ። ጋሼ ቆራጩ ጨርቅ የሚለኩ መስለው ዞር አሉ። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አልነበረም።

አጀንዳ 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ሀ. ማንም አልጫረውም የሚለው ውሳኔ ተሽሯል።
ለ. የጥርስ ሳሙናው፣ ማጣበቂያውና ማንም እንዳይነካ የሚለው ክልከላ በሙሉ ተሽረዋል። የጥርስ ሳሙናው ለጥድፊያ ተመልሷል፤ ግማሹ።
ሐ. አባላት ኑዛዜያቸው አብሮ እንዲሻር ጠይቀው ነበር። እትዬ ካውያ «እሱስ ይቀመጥልኝ፤ እንዲህ ተስማምታችሁ አታውቁም» በማለታቸው አልተሻረም።

እትዬ ካውያ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «በሉ ክፈቱትና እንስማ» አሉ። ማጫወቻው ጠረጴዛው መሃል ሆኖ አንጸባረቀ። ሰብሳቢው እጃቸው ዘይት መንካቱን አስታወቁ። እትዬ ቁልፍ ጥፍራቸው ረጅም ነው። ጥድፊያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም። ጸሐፊው እየጻፈ ነበር።

ማንም ሊነካው ባለመድፈሩ እትዬ ካውያ ራሳቸው መዝፈን ጀመሩ። ስለ ድምፃቸው ምንም እንዳይጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ ስብሰባው ከቀኑ 7፡40 ላይ፣ ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ ተዘግቷል።