አራት መስኮት የሚከፍቱት ማዳም ዊልኪስታ

ዘጠኝ ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ አሥር ሺህ ሊትር ውሃ ሳይወድቅ እንዴት ይቀመጣል? ከሐይቅ ዳር ያለ አንድ የወሊድ ክሊኒክ በኪሱሙ ከተማ ላለው የንድፍ ቢሯችን የሰጠው ጥያቄ ይህ ነበር። ለእኔ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ለክብርት ማዳም ዊልኪስታ አዴሮ ግን የሦስት ወር ፍርሃት።

የንድፍ ቢሮ ባለበት ሁሉ አንድ ፈሪ አለ። የኛዋ ሃያ ስድስት ዓመት ነድፈዋል፤ እሳቸው የነደፉት አንድም ነገር ወድቆ አያውቅም። እሳቸው ግን የሚወድቅበትን ቀን በየማለዳው ይጠብቃሉ። ዓሣ ቤት ስንገባ የተጠበሰውን ዓሣ ሳያገላብጡ አያዙም። ማታቱ የሚባለውን የሕዝብ ሚኒባስ ሲሳፈሩ መኪናውን ዞረው አራቱንም ጎማ ያያሉ። አንድ የማታቱ ረዳት ታዲያ፣ «እናትዬ፣ ልትገዢው ነው ልትሳፈሪበት?» አላቸው።

«በሕይወት ልወርድ ነው» አሉት።

ኮምፒውተራቸው ላይም እንዲሁ ናቸው። ስክሪናቸው ሁልጊዜ በአራት መስኮት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከማዕዘን ያሳያል። ነገሩ በጣም ስለሚያስደስተኝ ትንሽ ላስረዳ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ኩባያ አስቡ። በቀጥታ ከላይ ስታዩት ክብ ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ወይም አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ፣ ከላይ ብቻ ሆናችሁ በምን ታውቃላችሁ? ከጎን ስታዩ ያኔ ይለያል። በአራቱ መስኮቶች ውስጥ ያለው ኩባያ አንድ ነው፤ በአንዱ ብታንቀሳቅሱት በሁሉም ይንቀሳቀሳል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔ የምሠራው አንዱን መስኮት ብቻ አስፍቼ ነበር። ለዓይን ይመቻል።

«ኦቾላ ልጄ፣ በጎንስ አይተኸዋል?» ይሉኛል፣ በቀን አሥር ጊዜ።

«ከላይ ገጥሟል እኮ ማዳም።»

«ከላይማ ጣራ ላይ ያለ ቁራና ምድር ቤት የተኛ ውሻም ተቃቅፈዋል።»

ቢሮው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ወንድማቸውን ሊቀብሩ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት በሄዱ ጊዜ የማማውን ንድፍ ጨርሼ ለበያጆቹ ላክሁ። ተመልሰው ሲመጡ ፋይሉን ከፈቱና በአራት ከፈሉት። ወደ ጎኑ መስኮት ጎንበስ አሉ። ሄጄ በትከሻቸው በኩል አየሁ። ከላይ ሲታይ ማማውን ከመወዛወዝ የሚይዙት አራቱ ሰያፍ ብረቶች ታንከሩ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ብረት፣ ከተሸካሚው፣ ልክ ደርሰዋል። በጎኑ መስኮት ግን የአራቱም ጫፍ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ወርዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለመለኪያ አስምሬ የረሳሁት አንድ መስመር ከተሸካሚው ሥር ነበር፤ ብረቶቹን ሳገናኝ ጠቋሚዬ የያዘው እሱን ነው።

ማዳም ተነሥተው ለበያጆቹ አለቃ ለኦቡያ ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈቱት።

«ሰያፉ አጥሮ ነበር» አለ ኦቡያ። «አያስቡ፣ ቁራጭ ቀጥለን አድርሰነዋል።»

«ታንከሩስ?»

«ላይ ነው። ውሃም እየገባ ነው። እናቶቹ ከሥሩ ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ደስ ብሏቸዋል።»

በቁራጭ የተቀጠለ ሰያፍ የሞላ ታንከር ሲወዛወዝ ሊበጠስ ይችላል። ማዳም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ኦቡያ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን አስነሳ። ቀጥሎ ውሃውን ዝጋ። ከዚያ የገባውን አፍስስ። ልክ በዚህ ቅደም ተከተል።» ስልኩን አልዘጉም። የሕፃን ለቅሶ፣ የጄሪካን ኳኳታ፣ «ተነሱ እናቶች፣ ተነሱ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ውሃ መሬት ሲመታ። ማዳም ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

ስለ ጥፋቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝና አራቱን ብረቶች አብረን እንደገና ነደፍን።

ዛሬ ክሊኒኩ ግቢ ነን፤ አዲሶቹ ብረቶች ገብተዋል። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ማዳም ሳይፈቅዱ ውሃው አይከፈትም። ችግሩ፣ የላይኛው ብየዳ በተሸካሚው ስለተጋረደ ከመሬት አይታይም።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ ኦቡያ።

«የራስህን ብየዳ ራስህ? የገዛ ሚስትህን ቆንጆ ናት ብሎ እንደመመስከር እኮ ነው» አሉ ማዳም።

እኔ ልውጣ ብል «አንተ መሰላሉን ያዝ» አሉኝ። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ወጥተው እንደማያውቁ ኦቡያ በጆሮዬ የነገረኝ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው።

እነሆ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜያለሁ። እኚህ ሴት አንድ ነገር ቢሆኑ ቢሮው ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እኔ ምን እንደምሆን ግን አውቃለሁ። አሥራ አራተኛው እርከን ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ቀኝ እግራቸው አየር ላይ ቀጣዩን ይፈልጋል።

«ኦቾላ፣ የት ነው?»

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ማዳም። አሁን ከፍ ያድርጉት።»