ለመላው ቤተሰብ ክፍት የሆነው ማተሚያ

ቤት ያለ አባወራ፣ ሥራ ያለ ኃላፊ እንደማይቆም የሚጠራጠር ካለ አማቴን አላያቸውም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ኃላፊነቱ ከእሳቸው አልወጣም።

ባለፈው ሰኞ ሳሎን ሰብስበውን፣ «የማተሚያ አገልግሎት ፍትሐዊ ተደራሽነትን ለማረጋገጥ ሲባል» ክፍላቸው ያለው ማተሚያ ለመላው ቤተሰብ ክፍት መሆኑን አበሰሩን። አጨበጨብን። ባለሙያ ተጠርቶ ማተሚያውን በገመድ ከእሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ እኛም ከየክፍላችን በቤቱ ዋይፋይ እንድናዝዘው አደረገና አንዲት ነገር አስጠነቀቀ።

«አባቴ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ከጠፋ ማንም ማተም አይችልም።»

«ተገቢ ነው» አሉ አማቴ። «እኔ በሌለሁበት ሥራ መሠራት የለበትም።»

ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ከቤት በወጡ ቁጥር ኮምፒውተሩን ያጠፋሉ፣ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። ማተሚያው ክፍት ነው፤ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት የሚስቴ ታናሽ እህት የሥራ ማመልከቻ ነበራት። ሁለት ዓመት ፈልጋ ያገኘችው ዕድል ነው፤ በወረቀት፣ በአካል፣ እስከ ዐሥር ሰዓት። ከክፍሏ ብታዝ ማተሚያው ጭጭ። አባቷ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ደውላ ሱቅ ሄጄ ላሳትም ብትላቸው፣ እቤት ማተሚያ እያለ ደጅ ለደጅ መዞር የቤተሰቡን ስም እንደሚያጎድፍ አስረዷት፤ ደግሞም መንገድ ላይ ናቸው፣ ደርሰዋል ማለት ይቻላል። አባቷን ታምናለችና ጠበቀች፤ እየጠበቀችም ደጋግማ አዘዘች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ ደረስኩ አሉ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይም እንደዚሁ። ዐሥር ሲሞላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ምን ላድርግ፣ አማች ነኝ።

ዐሥር ተኩል ላይ አማቴ ገቡ። በሩን ከፈቱ፣ ጨርቁን ገለጡ፣ ኮምፒውተሩን አበሩ። ማመልከቻው ተከታትሎ ወጣ፤ ዐሥራ አንድ ቅጂ።

«አያችሁ?» አሉን። «ትዕግሥት ካለ የማይሠራ ነገር የለም።»

መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አነበቡ። ትምህርቷን አደነቁ፣ አጻጻፏን አደነቁ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ አንዲት የይቅርታ ቃል ትጠብቃለች። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሡ፣ ከዚያም በዐሥራ አንዱም ላይ እየፈረሙ ጻፉ፦

«በወቅቱ ባለመቅረቡ ውድቅ ተደርጓል።»