ክቡር መጠባበቂያ እና ሠላሳ ስድስቱ ሊትር

በየቤተሰቡ አንድ «ቢያልቅስ?» የሚል ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ወይ ጓዳ ገብቶ ሻማ እየቆጠረ ነው፣ ወይ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ይህ ሰው ቧንቧው እየፈሰሰ በርሜል ይሞላል። መብራት እያለ የባትሪ ድንጋይ ይገዛል። ጠግቦ ከማዕድ ሲነሳ ስለ ነገ ምሳ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ለአገር ይጠቅማል ይባላል፤ አብሮት መንገድ ለሚወጣ ግን ፈተና ነው። በተለይ እንደ እኔ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር መሪውን በጣቱ የሚደበድብ ችኩል ከሆነ አያድርስ ነው።

የእኛው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ። ዞር ሲል ግን ክቡር መጠባበቂያ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እህቴም አጽድቃዋለች። ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት «ምንም አይሆንም» ብለው ገብተው በሁለት ፎቅ መሃል የተንጠለጠሉ ሰዎችን በማውጣት ነው። ስለዚህ ማንም «ምንም አይሆንም» ሲል ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ የምኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊጠይቁኝ ሲመጡ በደረጃ ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆነው በሬ ላይ ሲደርሱ «ጋሼ፣ ሊፍቱ እኮ ይሠራል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ እያለከለኩ፤ «የጠገንኩት እኔ ነኝ።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤንዚን በምግብ ዘይት ጀሪካን ቀድቼ ከመኪናዬ ኋላ ወንበር ሥር ወትፌ ስሄድ ያዙኝ። ፖሊስ እንኳ እንደዚያ አይዝም። መንገድ ዳር አውርደው አቆሙኝና «የሚነደው ቤንዚኑ መሰለህ? የሚነደው ትነቱ ነው! አንተ ትነቱን ከወንበር ሥር አፍነህ ዘፈን ትሰማለህ!» እያሉ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። አንድ መንገደኛ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበርና ሲጨርሱ ጥያቄ ጠየቃቸው። መልሱ ሌላ አሥር ደቂቃ ፈጀ።

ጡረታ እንደወጡ ያረጀ ሚኒባስ ገዙና ወንበሩን ነቅለው ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ ማጠቢያና መጋረጃ አስገቡበት። እህቴ «ቤቲቱ» ትላታለች። ከቤቲቱ ኋላ፣ ከውጭ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ የብረት መደርደሪያ ተበይዷል። እዚያ ላይ ሁለት የብረት ጀሪካኖች በቀበቶ ታስረው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ፀሐይ እንዳይመታቸውም ነጭ ሸራ ለብሰዋል። እያንዳንዳቸው ሃያ ሊትር ይይዛሉ፤ የሚቀዳባቸው ግን አሥራ ስምንት ብቻ ነው። ደንቡን ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጀሪካን መኪና ውስጥ አይገባም። ሲቀዳበት መሬት ላይ ይቀመጣል። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት የሰውነትህ ኤሌክትሪክ እሳት እንዳይጭር ብረት ንካ፣ ምድጃ አጥፋ። እስከ አፉ አትሙላ፤ ቤንዚን ሲሞቀው ያብጣል፣ ቦታ ይፈልጋል። «ሰውም ሲሞቀው ቦታ ይፈልጋል» ብለው ይጨምሩበታል፤ ይህን ቀልድ ሃምሳ ጊዜ ስቄለታለሁ።

በዚያች መኪና ስድስት ዓመት ሲዞሩ አንድም ቀን ነዳጅ አልቆባቸው አያውቅም። ጀሪካኖቹ የሚከፈቱት በየሦስት ወሩ የቆየው ወደ መኪናው ተገልብጦ አዲስ ሲቀዳባቸው ብቻ ነበር። እኔም በየስብሰባው በዚህ ስቀልድ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ግን የሚያስቀልድ ነገር አልገጠመንም። የእናቴ ታላቅ እህት የምትኖረው ከሐይቁ ማዶ ነው። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አክስቴ ዓይኗ ሲደክም ከርሞ ሐኪሙ ለልጆቿ «የዓይኗን ብርሃን ከእንግዲህ በሳምንት ሳይሆን በቀን ቁጠሩት» አላቸው። እሷም እናቴን በስልክ «ፊትሽን ሳላይ እንዳይጨልምብኝ» አለቻት። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ መቀመጥ አቃታት። አንድ ቦርሳ ሦስት ጊዜ አሰረች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች። ማዶ የሚያደርሰው ድልድይ ከፈረሰ ወዲህ መሻገሪያው የሞተር ጀልባ ነው፤ እሱም የሚሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ማዶ አድሮ እሑድ ይመለሳል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ ቁጭ ብላ አትችልም። ስለዚህ ባለ አልጋዋ መኪና ተመረጠች። እህቴ ሥራ ስለነበረባት አጃቢነቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ገና በማለዳ ማደያ ገባን። ክቡርነታቸው ጀሪካኖቹን አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡ፤ አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ሊትር አስቀዱና ሊከፍሉ ገቡ። እናቴ በመስኮት ስታይ ነበር ለካ። እናቴ ጎዶሎ ነገር አትወድም። እሷ ቤት ብርጭቆ እስከ ከንፈሩ ነው የሚሞላው፤ አጉድሎ መስጠት ከስስት ይቆጠራል። ቀጂውን በእጇ ጠራችው።

«የኔ ጌታ፣ አጉድለህብናል እኮ። ሙላው እንጂ፣ አትሳሳ።»

ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞላቸው። እኔ አይቻለሁ። ግን ከተናገርኩ ክርክሩ አንድ ሰዓት እንደሚወስድ ስለማውቅ ልዩነቱን ከኪሴ ከፍዬ ዝም አልኩ። ሸራው ተሸፈነ፣ ተጓዝን።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆነ። ክቡርነታቸው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው ሁለት ጊዜ አሸተቱና መኪናዋን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆሟት። ሞተር ጠፋ። «ውረዱ፣ ራቅ በሉ» አሉ። ሸራው ሲገለጥ የጀሪካኖቹ ሆድ ተወጥሮ ከበሮ አክሏል፤ በክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን ጠብ ጠብ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጀልባው ይሄዳል!» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ሳይበርድ አይከፈትም።»

«ምንም አይ—» ብዬ ልጀምር ስል ያዩኝ አስተያየት አፌን አስያዘኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉና ጀሪካኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ አስቀመጧቸው። እኛን ከነፋሱ ወዲያ ሠላሳ እርምጃ አርቀው አስቀመጡን። እናቴ ሰዓት ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ወዲያው ደግማ ትጠይቀኛለች። እኔ ዛፉን ስዞረው ቆየሁ። ሃምሳ ደቂቃ!

በመጨረሻ ክዳኑን በስሱ ሲያላሉት ጀሪካኑ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሊትር ወደ መኪናዋ ታንከር ገለበጡ። ከዚያ ቀና ብለው «ማነው የሞላው?» አሉ። እኔ እናቴን አየሁ፣ እናቴ ዛፉን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፤ «ጎዶሎ ይዘን ስንሄድ ሰው ምን ይለናል ብዬ።»

ክቡርነታቸው ጀሪካኖቹን ወደ መደርደሪያው መለሱ። «እማማ፣ እጅዎ ለጋስ ነው። ቤንዚን ግን ልግስና አያውቅም» አሉና ቀበቶውን አጠበቁ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሩብ ሆኖታል። ጀልባው እዚያው ነበር! እናቴ መኪናዋ ሳትቆም በሩን ልትከፍት ታገለች። ነገር ግን ተሳፋሪዎቹ ዳር ላይ ሻንጣቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ባለጀልባው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል።

«ነዳጅ የለም» አለን ሳይነሳ። «የዚህ ማደያ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደርቋል። ሰኞ ይመጣል ይላሉ፣ ማክሰኞም ይላሉ። እኔ ምን ላድርግ?»

እናቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ታስተካክል ጀመር፤ ታስተካክላለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ታስተካክላለች። ወደ ማዶ እያየች ነበር። ማዶው ቅርብ ይመስላል። እኔ የሆነ ነገር መስበር አማረኝ፣ የሚሰበር ነገር አጣሁ።

«ስንት ይበቃሃል?» አለ ጋሼ።

«ደርሶ መልስ አርባ ሊትር። መመለሻ ሳልይዝ ከነሰዉ ማዶ አላድርም።»

ጋሼን አየሁት። ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደና እጁን ሸራው ላይ አድርጎ ቆመ። የሚያስበውን አውቃለሁ፤ እኔም እያሰብኩት ነበር። የዚህ ማደያ ደርቋል። በታንከሩ ያለው ጠዋት ወደ ቀዳንበት ማደያ ቢያደርሰን ነው፤ ላያደርሰንም ይችላል። መንገዱ ላይ ብንቆም ጥላም ውሃም የሌለበት ሜዳ ነው። ለስድስት ዓመት «ቢያልቅስ?» ሲለው የኖረው ነገር ይኼው ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ማጣደፍ አስጠላኝ።

ቀበቶው ቀጭ ብሎ ሲፈታ ሰማሁ።

«ሠላሳ ስድስት አለ» አለ።

«አራት ይጎድላል» አለ ባለጀልባው ተነስቶ እየተቀመጠ።

እናቴ ከድንጋይዋ ላይ ቀና አለች። «ሞልቼልህ ነበር እኮ!»

እውነቷን ነው። ዛፉ ሥር ወደ ታንከሩ የተገለበጠው ያው አራት ሊትር ነበር። ጋሼ እንደ መሳቅም እንደ ማቃሰትም አድርጎት የእጅ ፓምፑን አወጣና አራቷን ሊትር ከታንከሩ መልሶ ቀዳት። ጠብታ አላፈሰሰም።

ግን በደንቡ ነው! ከጠዋት ጀምሮ የደከሙ ሰዎች ሁሉ ሠላሳ እርምጃ እንዲርቁ ታዘዙ፣ ራቁም። አንድ ሰውዬ ያቀጣጠለውን ሲጋራ ተነጥቆ አሸዋ ውስጥ ተቀበረበት። የጀልባው የነዳጅ ዕቃዎች ወርደው መሬት ላይ ተደረደሩ። ባለጀልባው የሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ሊቀላቅል ሲጠጋ «መጀመሪያ ብረት ንካ» ተባለ፤ ነካ። የመጀመሪያው ዕቃ ጢም ሊል ሲቃረብ እናቴ ከሩቅ ጮኸች፦ «ቦታ ተውለት! ሲሞቅ ያብጣል!»

ጀልባው ላይ የቀረው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። አንዲት ተሳፋሪ ሴት እናቴን ክንዷን ይዛ አሳፈረቻት፤ እናቴም ዞር ብላ ሳታየን ሄደች። ዓይኗ ማዶ ነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ጀልባው አነሰ፣ አነሰና ጠፋ።

እኛ ጀልባው ነገ እስኪመለስ እዚያው ቀረን። ጋሼ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ሙሉ እንዳሉ አድርጎ በቀበቶ አሰራቸው፣ ሸራም አለበሳቸው። ከዚያ መሪው ኋላ ተቀመጠና ቁልፉን ከፈት እያደረገ የነዳጁን ቀስት ማየት ጀመረ። ሩብ አይሞላም። ያጠፋዋል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ይከፍተዋል። ቀስቱ በመካከሉ ከፍ ይል ይመስል! ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣው ይዞት ቆየ።

«ባያደርሰንስ ጋሼ?» አልኩት።

«ሁለት ሰው ነን» አለ። «አንተ ትገፋለህ፣ እኔ መሪ እይዛለሁ።»

ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስቀልድበት ኖሬ እዚያች የመኪና ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው ያወቅሁት፤ ብናገረው ግን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ማብራሪያ ስለሚሰጠኝ አልነገርኩትም። እኔ እሱን ፈሪ እለው ነበር። ፈሪ ቢሆን ሸራውን ባልገለጠ ነበር። እሱ የሚፈራው ሰው መሃል መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው፤ እናቴ ተንጠልጥላ ስትቀር ደግሞ እሱ ራሱ መንጠልጠሉን መረጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ደረስኩ» አለች። «በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሩቅ አልለየችኝም። ቀረብ ስል ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችኝ፣ አየችኝ…» ድምጿ ተቆረጠ። «ደህና አድርጋ አይታኛለች። ‹ሸብተሻል› አለችኝ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝኩት።

«በል አሁን ልጄን አገናኘኝ» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። ልጅሽ ነኝ።»

«አንተን አይደለም።»

ስልኩን በመስኮቱ በኩል ለጋሼ አቀበልኩት።